ታዋቂ ባንድ፣ ትንሽ ፌስቲቫል፦ ማጎ ዴ ኦዝን ወደ ጎጃም ከመጥራታችሁ በፊት

የስፔኑን ባንድ ማጎ ዴ ኦዝን ለፌስቲቫላችን እንጥራ ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተጣሞ ይቀርባል። «ባንዱ ጥሩ ነው ወይ?» ይባላል። ጥሩ ነው፤ በዚህ ላይ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው። «ስማቸው ሰው ያመጣል ወይ?» ይባላል። ያመጣል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ የሁለት ቀን የማሲንቆና የዋሽንት ፌስቲቫል ሊያዘጋጅ ያሰበ ሰው ራሱን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ለዚህ ባንድ ብሎ ቲኬት የገዛው ሰው ዋሽንት ነፊውን ተቀምጦ ያዳምጠዋል ወይ? ስለዚህ ስትወስኑ ዓይናችሁ ፖስተሩ አናት ላይ ከተጻፈው ስም ይልቅ ከሥሩ ባሉት በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ይሁን።

ማጎ ዴ ኦዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ማድሪድ ውስጥ የተመሠረተ፣ በስፓንኛ የሚዘፍን የፎክ ሜታል (የባህል ዜማን ከከባድ ሮክ ጋር የሚያጣምር ሙዚቃ) ባንድ ነው። በከባድ ጊታርና በድራም ላይ ቫዮሊንና ፍሉት ይደርባል፤ ዜማው ብዙ ጊዜ የሴልቲክ (የአየርላንድና የስኮትላንድ ዓይነት) ጭፈራ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 «ፊኒስቴራ» የተባለውን ድርብ አልበም፣ በ2003 ደግሞ «ጋያ»ን አውጥቷል። ዛሬ ከስፔን አልፎ በሜክሲኮና በኮሎምቢያ ትልልቅ መድረክ የሚሞላ ነው። (በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ማ» ላይ ሁለት ነጥብ አለ። ነጥቡ የሜታል ባንዶች ጌጥ ነው፤ ንባቡን አይለውጠውም። ፖስተር ላይ ከረሳችሁት ግን ደጋፊዎቹ ይቆጡላችኋል።) ለሜታል አጥባቂ ይህ ባንድ ለስላሳ ነው፤ ለባህል ሙዚቃ ሰው ደግሞ ጩኸት ነው። በሁለቱ መካከል የቆመ ባንድ ትልቅ አደባባይ ላይ ሁሉንም ያስደስታል፤ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የተነሳ ትንሽ ፌስቲቫል ላይ ግን ሁለቱንም ሊያስቀይም ይችላል።

ፌስቲቫሉን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

ለማንም ኢሜይል ከመላካችሁ በፊት ፌስቲቫላችሁ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ለምሳሌ፦ «የጎጃም አዝማሪዎችንና ዋሽንት ነፊዎችን ሰው ተቀምጦ የሚያዳምጥባቸው ሁለት ምሽቶች»። እዚህ ላይ የሚወስነው ቃል «ተቀምጦ» ነው። የሜታል ታዳሚ ይቆማል፣ ይዘላል፣ አብሮ ይጮኻል፤ የሙዚቃው ጠባይ ስለሆነ አይወቀስበትም። ዓረፍተ ነገሩ «ባህላዊ መሣሪያን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር የሚያጣምሩ ባንዶች ጣና ዳር የሚገናኙበት ቅዳሜ» ቢሆን ኖሮ ማጎ ዴ ኦዝ ያለ ብዙ ክርክር ይገባ ነበር። ከባንዱ አስተዳዳሪ መልስ ከመጣ በኋላ ዓረፍተ ነገሩን መለወጥ ክልክል ይሁን። ብዙ አዘጋጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ እንግዳው እንዲመቸው ብሎ የቤቱን ግድግዳ ያፈርሳል።

ሰዓት ይዛችሁ አዳምጡ

የስቱዲዮ ቅጂ አይጠቅማችሁም። ስቱዲዮ ውስጥ ቫዮሊን አሥር ጊዜ ተደራርቦ ሊቀዳ ይችላል፤ መድረክ ላይ የሚቆመው ግን አንድ ቫዮሊን ተጫዋች ነው። ባለፉት 12 ወራት የተቀረጸ ሙሉ የመድረክ ቪዲዮ ጠይቁ። የባንዱ ድምፃዊ በታሪኩ ከአንድ ጊዜ በላይ ስለተቀየረ የቆየ ቪዲዮ አይታችሁ የምትዋዋሉት ከሌላ ድምፅ ጋር ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ስልካችሁ ላይ ሰዓት መቁጠሪያ ክፈቱ። ቫዮሊኑ፣ ፍሉቱ ወይም ባግፓይፑ (በአየር የሚሞላ ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) ዜማውን ይዞ ሲመራ ብቻ ይቁጠር፤ ከጊታር ጀርባ ሲያጅብ ይቁም። ከ90 ደቂቃ ውስጥ 30 ደቂቃ ካልሞላ፣ ለእናንተ ዓላማ ይህ ቫዮሊን ያለበት የሮክ ባንድ ነው። ለማነጻጸር የሞንጎሊያውን ሜታል ባንድ «ዘ ሁ»ን አዳምጡ። እዚያ የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ባለ ሁለት ክር መሣሪያቸው የዘፈኑ አከርካሪ ነው፤ ብታወጡት ዘፈኑ ይፈርሳል። ከማጎ ዴ ኦዝ ዘፈኖች ቫዮሊኑን ብታወጡ የሚፈርሱ አሉ፤ ያለ እሱም ደህና የሚቆሙ አሉ። ለእናንተ መድረክ የመጀመሪያዎቹን በስም ዘርዝራችሁ ጠይቁ።

ሌላው የሚታየው ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ነው። ባግፓይፕ እየተሰማ የሚነፋ ሰው ከሌለ ድምፁ ከኮምፒውተር የሚወጣ ነው። ለትልቅ ኮንሰርት የተለመደ ስለሆነ ማንም አይገረምም፤ የእጅና የትንፋሽ ሥራ ለማሳየት የተጠራ ፌስቲቫል ላይ ግን ዋሽንት ነፊውን መስደብ ይሆናል።

ከሁሉ የሚሻለው ፈተና ርካሹ ነው። አንድ አዝማሪ ፈልጉ፤ ለቱሪስት ብቻ የሚጫወተውን ሳይሆን ሠርግ ያሟሸውን። የሰዓቱን ክፈሉት። ከባንዱ ዘፈኖች የአንዱን የቫዮሊን መግቢያ፣ ሃያ ሴኮንድ ያህል፣ አሰሙት። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይሰማል። ሁለተኛ ስታሰሙት ግራ እጁን እዩ፦ ጣቶቹ ክሩን ከጎን እየነኩ ቦታ መፈለግ ይጀምራሉ ወይስ ጉልበቱ ላይ ያርፋሉ? በሦስተኛው ዜማውን ይዞ በአራተኛው የራሱን ግጥም ጣል ካደረገበት፣ ሁለቱ ሙዚቃዎች አንድ መድረክ ላይ የሚነጋገሩበት መንገድ አለ ማለት ነው። ሦስቴ ሰምቶ «ይሄ ነገር ማረፊያው የት ነው?» ካለ ያንን ዘፈን ተዉት። ከአምስት ዘፈን ሁለቱን ከያዘ የጋራ ክፍል ማሰብ ይቻላል፤ ሁሉንም ካልያዘ ሁለቱን ለየብቻ ማሰማት እንጂ ማጋባት አይሞከር።

ለምን አንዳንዱ ይያዛል፣ አንዳንዱ አይያዝም?

አንዱ ምክንያት ምት ነው። ጂግ የሚባለው የሴልቲክ ጭፈራ በስድስት ስምንተኛ ይቆጠራል፤ የእኛም ችክችካ በስድስት ይሄዳል። ስለዚህ የጎጃም ትከሻ እንዲህ ያለ ዘፈን ሲሰማ ቶሎ ይነቃል። ግን ድራመሩ ስድስቱን እኩል ሲከፋፍል ከበሮ መቺው ረጅምና አጭር እያደረገ ያነክሰዋል። ሁለቱ ሳይነጋገሩ አንድ ላይ ቢጀምሩ በሁለተኛው ደቂቃ አንዱ አንዱን እየጎተተ ነው። መድኃኒቱ የሁለት ሰዓት ልምምድ ነው፤ በልምምዱ ድራምና ከበሮ ብቻ ይገኙ፣ ጊታር አይግባ። ማን ማንን እንደሚከተልም ይወሰን። ከበሮው ቢመራ ይመረጣል፤ ድራመሩ በሙያው ለመከተል የሠለጠነ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቅኝት ነው። የትዝታ ማይነር አምስት ድምፆች በሙሉ በአውሮፓው ተፈጥሯዊ ማይነር ውስጥ አሉ፤ የማይገኙት አራተኛውና ሰባተኛው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለቫዮሊን ተጫዋቹ «በጋራ ክፍሉ አራተኛውንና ሰባተኛውን አትንካ» ማለት ይበቃዋል። አንቺ ሆዬን ግን ከተደራረበ የጊታር ኮርድ (አብረው ከሚመቱ ድምፆች) ጋር ለማስታረቅ አትድከሙ፤ ኮርዱ ቅኝቱን ይውጠዋል። ጊታርና ቅኝት የሚጣሉ ነገሮች ናቸው ማለት አይደለም፤ ጃኖ ባንድ በሮክ ጊታር የእኛን ዜማ ሲጫወት ስንት ዓመቱ። ነገር ግን እነሱ ዜማውን ከቅኝቱ ጀምረው ነው የሠሩት፤ እናንተ የምታገናኙት ግን ተሠርቶ ያለቀን ዘፈን ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የዘፈኑ ቁልፍ፣ ማለትም ዜማው የሚነሳበት ድምፅ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም ይኸው ነው። የሜታል ጊታር ከመደበኛው ግማሽ ወይም አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ መቃኘቱ የተለመደ ነው። ማሲንቆ ክሩን ላላ አድርጎ ይከተላል። ዋሽንት ግን ሸምበቆ ነው፤ አንዴ ከተበሳ በኋላ የሚላላ ነገር የለውም። ዋሽንት ነፊው በቦርሳው አምስት ስድስት ዋሽንት ይዞ የሚዞረው ለዚህ ነው። የጋራው ዘፈን በየትኛው ቁልፍ እንደሆነ ከወር በፊት ይጠየቅና ነፊው ካሉት ይምረጥ፤ ከሌለው አንድ ሸምበቆ ለዚያ ቁልፍ ይብሳ። የልምምድ ቀን የታወቀ የቁልፍ ችግር መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ዋሽንቱ ይቀራል።

ግጥሙን ሳታነቡ አትፈርሙ

ስፓንኛ አለማወቅ እንቅፋት አይደለም፤ ሰው በማያውቀው ቋንቋ ሲጨፍር ኖሯል። እንቅፋት የሚሆነው አዘጋጁም አለማወቁ ነው። የዚህ ባንድ ግጥሞች ብዙ ጊዜ የካቶሊክ ቤተ ክህነትን ሥልጣን፣ ኢንኩዊዚሽንን (የቤተ ክህነትን የመናፍቃን ፍርድ ቤት) እና ስፔን በአሜሪካ አህጉር ያካሄደችውን ወረራ ይተቻሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው «ኼሱስ ዴ ቻምቤሪ» የተባለው አልበማቸው የኢየሱስን ታሪክ ወደ ዘመኑ ማድሪድ አንድ ሰፈር ያመጣል። ስፔን ውስጥ ይህ ከራሳቸው ታሪክ ጋር የሚደረግ ክርክር ነው። ዲማ ጊዮርጊስንና መርጡለ ማርያምን የመሰሉ ገዳማት ባሉበት፣ ቅኔ ተቆጥሮ በሚዘረፍበት አገር ግን ያለ ማብራሪያ ሲቀርብ የሚሰማው ሌላ ነው። የጎጃም ሰው ሰምና ወርቅ መፈለግ አስተማሪ አያሻውም፤ ያልተባለውንም ያገኛል።

ስለዚህ የዘፈኖቹን ዝርዝር ቀድማችሁ ተቀበሉ፤ እያንዳንዱን ግጥም ስፓንኛ በሚያውቅ ሰው በቀጥታ አስተርጉሙ፤ በስልክ የተተረጎመ ስላቅን አይለይም። የማይዘፈኑት በስማቸው በውሉ አባሪ ላይ ይጻፉ። የመድረክ ጀርባ ሥዕልና አልባሳትም እንዲሁ በፎቶ አስቀድመው ይምጡ፤ ችግሩ ከግጥሙ ይልቅ ከሥዕሉ የሚነሳበት ጊዜ አለ። ባንዱ «ዝርዝራችንን ማንም አይነካም» ካለ መብቱ ነው። ያኔ በሰላም ተለያዩ።

ጆሮ አንድ ነው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ዝግጅቶች ባወጣው መመዘኛ የድምፁ መጠን በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። የሜታል ኮንሰርት ወደዚህ ቁጥር ቶሎ ይደርሳል። ጆሮ እዚያ ላይ አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ ለጊዜው ይደነዝዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚነፋ ዋሽንት ከግድግዳ ማዶ ያለ ይመስላል። ድምፅ ባለሙያው ይጨምራል፣ ማይኩ ያፏጫል፣ ነፊው በኃይል ይነፋል፣ ድምፁ ይሰበራል። ታዳሚው «የባህሉ ደካማ ነበር» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዋሽንቱ ደካማ አልነበረም፤ ተራው ነው የተበላሸው።

ለስላሳው ምንጊዜም ይቅደም። እሱም ብቻውን አይበቃም፤ ባንዱን የሚጠብቅ ሕዝብ ፊት ማሲንቆ ይዞ መውጣት የሚያስመኝ ነገር አይደለም። የሚሻለው ቦታና ሰዓት መለየት ነው። ዋሽንቱና ማሲንቆው ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት አዳራሽ ውስጥ፣ በወንበር። ባንዱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ሜዳ ላይ። በመካከል ያለው ሁለት ሰዓት ለምግብና ለጆሮ ይሁን። ሌላ ቀን መስጠት ከተቻለ ከዚህም ይሻላል፤ ባንዱ የመጨረሻውን ቀን ይያዝ፤ የፊተኛውን ከያዘ ሁለተኛው ቀን ባዶ ወንበር ይሆናል።

የማይኩ ነገር

መጀመሪያ ቁጠሩ። ድራም ሚክሰሩ ላይ 9 መስመር (የማይክ መግቢያ) ይወስዳል (አንድ ኪክ፣ ሁለት ስኔር፣ አንድ ሃይሃት፣ ሦስት ቶም፣ ሁለት ከላይ)። ቤዝ 2፣ ጊታር 2፣ ኪቦርድ 2፣ ቫዮሊን 1፣ ፍሉትና ባግፓይፕ 2፣ መሪ ድምፃዊ 1፣ አጃቢ ድምፅ 4፤ ድምሩ 23። ለጋራው ክፍል ማሲንቆ 1፣ ዋሽንት 1፣ ክራር 1፣ ከበሮ 2፣ አዝማሪና ተቀባይ 2 ሲጨመር 30 ይሆናል። ባለ 24 መስመር ሚክሰር ተከራይቶ «እናጣጥመዋለን» ማለት አይሠራም፤ መጀመሪያ የሚነቀለው የማሲንቆው ማይክ ነው። 32 መስመር ያስፈልጋል፤ እሱም ልክ ልክ ነው።

ማሲንቆ ላይ ሦስት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንዱ፣ የዘፋኝ ማይክ በቋሚ ላይ አድርጎ አንድ ክንድ ርቀት ማቆም። ድምፁ እንዲሰማ ሲጨመር ማይኩ ከማሲንቆው ይልቅ ድራሙን ይለቅማል። በምትኩ ትንሽ የሚቆነጠጥ ኮንደንሰር ማይክ ከቆዳው 5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይታሰር፤ ከ150 ኸርትዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ሚክሰሩ ላይ ይቆረጥ። ሁለተኛው፣ የሚለጠፈውን ፒክአፕ (ንዝረት የሚለቅም ትንሽ ማይክ) ቆዳው መካከል ላይ መለጠፍ፤ ድምፁ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ከክሩ መደገፊያ እግር አጠገብ ወይም ወደ ሳጥኑ ጠርዝ ይሂድ። ሦስተኛው፣ አዝማሪውን ለፎቶ እንዲያምር ድራሙ ፊት ማቆም። ቢያንስ 4 ሜትር ወደ ጎን ይራቅ፤ መስማት የሚፈልገው የራሱን ማሲንቆና ከበሮውን ስለሆነ ሞኒተሩ (ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) ውስጥ ጊታር አይጨመርለት።

ጣና ዳር ሲመሽ እርጥበት ይመጣል፤ የማሲንቆው ቆዳ ይላላል፣ ድምፁም ይታፈናል። መሣሪያው መድረክ ጀርባ በሞቀ ክፍል ይቆይ፤ የከሰል ምድጃ ካለ አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ እየተገላበጠ። ከዚያ በላይ ከቀረበ ቆዳው ይሰነጠቃል። ትርፍ የፈረስ ጭራና ለደጋኑ ሙጫ ይያዝ።

ዋሽንት ላይ ስህተቱ አንድ ነው፤ ማይኩን ትንፋሹ በሚሄድበት ፊት ለፊት ማድረግ። ከአፉ ወደ ጎን፣ 10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ የንፋስ መከላከያ ለብሶ ይቁም። ከበሮው በትልቁ ገጽ አንድ ማይክ፣ በትንሹ አንድ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ኤሌክትሪክና ከፍታ

ስፔንና ኢትዮጵያ በዚህ ይስማማሉ፤ ሁለቱም ጋ 220–230 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ነው፤ ባለ ሁለት ክብ እግር ሶኬታቸውም እኛ ጋ ይገባል። የአሜሪካ 110 ቮልት ዕቃ ይዘው ከመጡ ብቻ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጄኔሬተሩን በስም ሳይሆን በሒሳብ ተከራዩ። ስፒከር 12 ኪሎ ዋት፣ መብራት 14፣ የባንዱ ዕቃ 4 ቢሆን 30 ኪሎ ዋት ነው። ወደ ኬቪኤ (የጄኔሬተር አቅም መለኪያ) ለመለወጥ በ0.8 ሲካፈል 37.5 ኬቪኤ፤ ሰላሳ በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር ወደ 49። ገና አላለቀም። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር ከ1,000 ሜትር ከፍታ በላይ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ 14 በመቶ ይጎድላል፤ 60 ኬቪኤ የተባለው የሚሰጣችሁ 52 ያህል ነው። ልክ ይበቃል። 50 የተከራየ ሰው መብራቱ ሁሉ በሚበራበት የመጨረሻው ዘፈን ላይ ሊጨልምበት ይችላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ትንሽ ትሻላለች። ትክክለኛው ቁጥር እንደ ሞተሩ ስለሚለያይ የአምራቹን ሠንጠረዥ እዩ። መብራትና ድምፅ በተለያየ ፌዝ ይሂዱ፤ አንድ ላይ ከሆኑ ጊታሮቹ መሐል ንብ የገባ ይመስላል። የመሬት ዘንጉን ሳይቀበር አትቀበሉ።

ከፍታው ሞተሩን ብቻ አይደለም የሚነካው። ማድሪድ 650 ሜትር አካባቢ ናት። ከዚያ መጥቶ በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ላይ ፍሉት የሚነፋ ሰው ረጅሙን ሐረግ መሐል ላይ ይቆርጠዋል። ሁለት ሌሊት አስቀድመው ይምጡ።

ቀን መምረጥ

በዐቢይ ጾም አታስቡት። ከኅዳር 15 እስከ ገና፣ ሰኔና ሐምሌም በጾምም በዝናብም ተይዘዋል። የሚቀሩት ሦስት መስኮቶች ናቸው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር 14፦ ሜዳው ደርቋል፤ ባሕር ዳር ግን የወባ ወቅት ስለሆነ እንግዶቹ መከላከያ ይዘው ይምጡ። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፦ ከሁሉ የሚመረጠው ነው፤ እህሉ ገብቷል፣ ለባንዱም የአውሮፓ የበጋ ፌስቲቫሎች ጊዜ አይደለም። ጉዳቱ የሠርግ ወር መሆኑ ነው፤ ጥሩ አዝማሪ በዚያ ሰሞን በእጅ አይገባም፣ ዋጋውም ይወደዳል፤ ስለዚህ ከስፔኖቹ በፊት አዝማሪዎቹን ያዙ። ጥር 23 ቀንንም እለፉት፤ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው፤ ከእሱ ጋር መሻማት ጅልነት ነው። ሦስተኛው ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ነው፤ መጨረሻው ላይ ዝናብ ይጀምራል።

ገንዘብና መንገድ

ተጫዋቹ ዘጠኝ ቢሆን ከባለሙያዎቹ ጋር አሥራ አምስት ሰው አስቡ፦ አሥራ አምስት ትኬት፣ ቪዛ፣ አልጋ፣ ምግብ። ይህንን ከክፍያው ጋር ደምሩት። ድምሩ ከጠቅላላው በጀት 40 በመቶ ካለፈ በእጃችሁ ያለው ኮንሰርት ነው፤ ፌስቲቫሉ ማጀቢያ ሆኗል። የውጭ ምንዛሪው በባንክ፣ በውል ላይ ተመሥርቶ ስለሚሄድ ወራት ቀድሞ ይጀመር። የዕቃዎቹ ዝርዝር ከመለያ ቁጥራቸው ጋር ለጉምሩክ ይዘጋጅ፤ በጊዜያዊነት ገብተው ተመልሰው እንደሚወጡ በጽሑፍ ይያዝ። በሠርግ ቀን በርበሬ ቀንጥሱ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሰዎቹ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ይብረሩ፤ የአገር ውስጡ አውሮፕላን ትንሽ ስለሆነ የረጃጅም ሣጥኖች ልክ አስቀድሞ ይነገር። ስፒከርና ድራም በጭነት መኪና ይሄዳሉ፤ በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን ላይ የሚወጣው የዓባይ በረሃ ቁልቁለት የተጫነ መኪናን ፍሬን ያግላል። ሁለት ቀን ስጡት። መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ የአካባቢው ጸጥታ ለሕዝብ ስብሰባ የሚያመች መሆኑን ከአስተዳደሩ በጽሑፍ ሳታገኙ ቅድሚያ ክፍያ አትላኩ። ውሉ ውስጥም «ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ» የሚለው አንቀጽ ገንዘቡ ለማን እንደሚመለስ በግልጽ ይናገር።

አንድ ርካሽ ፈተና ደግሞ እዚህ አለ። የባንዱን ስም ሳታወጡ የሁለቱን ቀን ቲኬት ለሦስት ሳምንት ሽጡ። የገዛው ሰው የእናንተ ሰው ነው። ባንዱ ከዚህ ቁጥር ሁለት እጥፍ በላይ የሚያመጣ መስሎ ከታያችሁ፣ አዳራሹ ውስጥ ከሦስት ሰው ሁለቱ ለዋሽንት የመጣ አይደለም።

ታዲያ ይጠራ ወይስ አይጠራ?

አምስት መቶ ወንበር ላለው፣ ሰው ተቀምጦ ለሚያዳምጥበት የማሲንቆ ፌስቲቫል ሙሉው ማጎ ዴ ኦዝ አይሆንም። ሜዳ፣ የተለየ ምሽትና ከላይ የተባለው ጄኔሬተር ላለው የቅይጥ ሙዚቃ ፌስቲቫል ይሆናል፤ የዘፈኖቹ ዝርዝር ከተስማማ። በመካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ አዘጋጆች ብዙም አይጠይቁትም። ከዚህ ወይም ከመሰል ባንድ አራት ሰው ብቻ ጋብዙ፦ ቫዮሊን፣ ፍሉት፣ ኤሌክትሪክ ያልሆነ ጊታር እና ድምፃዊ። ከካዲዝ አውራጃ የተነሳው ሳውሮምን የመሰለ፣ በስፓንኛ የሚዘፍንና የመንደር አዝማሪ መንፈስ ያለው ባንድም መጠየቅ ያለበት ነው። ለአራት ሰው 8 መስመር ይበቃል፤ ድራም ስለሌለ ማሲንቆው አይዋጥም፤ ወጪውም ሢሶ አይሞላም።

መልሱን በአሥር ቀን ውስጥ፣ በስፓንኛ ጻፉ። እምቢ የምትሉት ከሆነ ምክንያቱ የፌስቲቫሉ ልክ መሆኑን ተናገሩ እንጂ ስለ ሙዚቃቸው አስተያየት አትስጡ፤ የአራቱን ሰው ሐሳብ እዚያው ላይ አቅርቡ። ከደብዳቤው ጋር የአዳራሹ ስፋት፣ ከፍታው፣ የጋራው ዘፈን ቁልፍና የአዝማሪው ቅጂ ይላክ። ቀኑን በእነሱ አቆጣጠር አድርጉት፤ ሰዓቱንም «14:00» ብላችሁ ጻፉ። «8 ሰዓት» ያለ ደብዳቤ ቫዮሊን ተጫዋቹን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የተቆለፈ አዳራሽ በር ላይ ያቆመዋል።